ለእንግዳ የተገለጠው የኮረሪማ መደብ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ወልደ ሰንበት። ሲናደዱ ነገራቸውን በተረት መጀመር ልማዳቸው ነው።

ከፊታቸው የተቀመጠችው ምንትዋብ በከተማው ዳር ያለውን የሕፃናት ማሳደጊያ የምታስተዳድር ሴት ናት። ልጅ ሳለች ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ስለሆኑ፣ የቸገራት ነገር ሲኖር ዛሬም የምትሮጠው ወደ እሳቸው ነው። የዛሬው ጥያቄዋ አጭር ነበር። ማሳደጊያውን የሚረዱ እንግዶች እሑድ ይመጣሉ። የሚያፈሰውን የመኝታ ቤት ጣሪያ ሊያሠሩ አስበዋል። ነገር ግን አስቀድመው አንድ ነገር ጠይቀዋታል፤ ልጆቹ ተራ በተራ መድረክ ላይ ወጥተው፣ እናት አባታቸው እንዴት እንደሞቱና ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰባቸው በገዛ አንደበታቸው እንዲናገሩ። ሰው ይሰማል፣ ያለቅሳል፣ እጁንም ይዘረጋል።

«አንድ ቀን ናት፣ የኔታ» ብላ ነበር ምንትዋብ። «ለጣሪያው ሲባል ቢናገሩ ምን ይጎዳቸዋል?»

መምህሩ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ችግኝ ማፍላት ነበር። አገሩ ደን የሞላበት፣ ዝናብ የማይጠፋበት አገር ነው። በዚያ ደን ውስጥ፣ ከትልልቁ ዛፍ ሥር፣ ኮረሪማ ማንም ሳይዘራው ይበቅል ነበር። ኮረሪማን አንቺ የምታውቂው ደርቆ በገበያ ሲሸጥ፣ ወይም ቅቤ ሲነጠር ነው። በቁሙ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ቅጠሉ ረዘም ያለ፣ ቁመቱ የሰው ቁመት የሚያህል ተክል ነው፤ አንዴ ከያዘ በየዓመቱ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። አበባውንም ፍሬውንም የሚያወጣው እንደሌላው ከጫፉ ሳይሆን ከእግሩ ሥር፣ መሬት ለመሬት ነው። ይህ ተክል ፀሐይ አይችልም። ከጥላ ሥር ይወለዳል፣ ከጥላ ሥር ያረጃል። ስለዚህም ደካማ ነው ብሎ የሰደበው ሰው አልሰማሁም። አፈጣጠሩ ነው።

ከዚያ ደኑን ጨፈጨፉት። ገሚሱ ለጣውላ ሄደ፣ ገሚሱ ለከሰል። ዛፉ በወደቀ በሁለት በጋ ውስጥ ኮረሪማው ድራሹ ጠፋ። የቆረጡትን ሰዎች ሲጠይቋቸው ምን አሉ መሰለሽ? «እኛ ኮረሪማ አልነካንም» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልነኩትም! ከላዩ ያለውን ጥላ ብቻ ነው የወሰዱት። እንዲህ ያለውን እውነት የሚናገር አፍ ስሰማ፣ ይቅር ይበለኝና፣ በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የአገሩ ገበሬዎች ተጎዱ። ሴቶቹ በዚያ ፍሬ ነበር ልብስ የሚገዙት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚልኩት። ይህን ያየ አንድ ባለጠጋ ችግኝ ጣቢያ አቋቋመ። ያቋቋመው ለገበሬዎቹ አዝኖ ይሁን ስሙ እንዲነሳለት እሱ ያውቃል፤ ብቻ አቋቋመ፣ መልካም አደረገ። ይህንንም ሰው ቀጠረው። ሰውየው የቡና ችግኝ አፍልቶ ያውቃል፣ ፓፓያ አፍልቶ ያውቃል። ኮረሪማ ከዘር አፍልቶ አያውቅም። ማን አፍልቶ ያውቃል? የሚያፈላው ደኑ ነበራ።

በመጀመሪያው ዓመት ወደ ገበያ ወረደና ደህና ደህናውን ኮረሪማ መርጦ ገዛ። በዚያ አገር ኮረሪማ ከተለቀመ በኋላ ጎኑ ይበሳና በሲባጎ ተሰክቶ ከምድጃ በላይ ይሰቀላል። ጢሱ ያደርቀዋል፤ ሽታው ያውዳል። ሰውየውም እያሸተተ፣ ሽታው የጠነከረውን መረጠ። ለወጥ እንደሚመረጥ አድርጎ ዘር መረጠ ማለት ነው። ዘራው፣ አጠጣው፣ ጠበቀው። አንዲት ቅጠል ብቅ አላለችም። ቆፍሮ ቢያየው ዘሩ እንደተዘራ ቁጭ ብሏል፤ ሽታው እንኳ አልጠፋም። ለካ ለእኛ አፍንጫ እንዲያ የሚጥመው ከእሳት በላይ ተሰቅሎ የሞተው ኖሯል።

ሰውየው ይህን ሲረዳ አፈረ፤ እርጥብ ፍሬ ፍለጋ ወጣ። መንደር ለመንደር ዞሮ ዞሮ አንዲት ባልቴት ዘንድ ደረሰ። ከቤቷ በታች ገደል አለ፤ መጥረቢያ የያዙት ሰዎች መውረዱ ስለከበዳቸው የተዉት ገደል ነው። በዚያ ጥቂት ዛፎች ቆመዋል፣ ከዛፎቹም ሥር ኮረሪማ አለ። ባልቴቷ ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው በዚያ ፍሬ ነበር። ሰውየው ችግሩን ዘርዝሮ ነገራት። እሷም ብዙ አልጠየቀችም። ቁልቁለቱን እየተንፏቀቀች ወርዳ፣ የዚያን ዓመት ፍሬ ሁሉ እንደቀላ ለቅማ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አመጣችለት።

«ዘንድሮን እኔ እንደምንም እሆናለሁ» አለችው። «አንተ ብቻ ጥላውን አደራ። ይኼ ነገር በልጅነቱ ፀሐይ ካየ አለቀለት።»

«እማማ፣ አደራሽን አልበላም» አላት።

ያን ጊዜ አደራ የማይበላ ሰው ነበር፤ ይህን ልንክደው አንችልም። ፍሬውን በዚያው ቀን ፈለፈለ። በዘሩ ላይ የተለበጠውን ነጭ የሚያሙለጨልጭ ነገር በአመድና በአሸዋ አሽቶ አጠበና ነፋስ ሳያደርቀው ዘራው። መደቡን ያበጀው ከዛፍ ሥር ባመጣው ጥቁር አፈር ነው። በላዩ ሣር ጎዘጎዘ። ከዚያ ባላ ተከለ፣ ርብራብ አደረገ፣ የኮባ ቅጠል ደራርቦ አለበሰው። ጥላውን ከወገብ በታች ዝቅ አድርጎ ሠራው፤ የጠዋቱና የማታው ፀሐይ በጎን እንዳይገባ። ስለዚህ መደቡን ማየት የፈለገ ሰው መንበርከክ ነበረበት። እሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይንበረከካል፤ ሲያጠጣ አንዴ፣ አረም ሲለቅም አንዴ። የሱሪው ጉልበት ተቀደደና ተጣፈ፤ የተጣፈውም ተቀደደ።

አንድ ወር ሞላ፤ ምንም የለም። ሁለት ወር ሞላ፤ ምንም። ባለጠጋው እየመጣ «ደሞዝ የምከፍልህ አፈር እንድታጠጣ ነው እንዴ?» ይለው ጀመር። የጣቢያው ሠራተኞችም «የኮረሪማው ባል» ብለው ስም አወጡለት። ሰውየው ውሃ ይቀዳና ይንበረከካል። በሦስተኛው ወር መጨረሻ አንድ ጠዋት ጉዝጓዙን ገለጥ ሲያደርግ፣ መርፌ የምታህል አረንጓዴ ነገር ቀና ብላ አየ። በማግስቱ አሥር ሆኑ። በሳምንቱ መደቡ ሞላ። እዚያው እንደተንበረከከ አለቀሰ አሉ። ያልቅስ እንጂ! ዝም ብሎ የከረመ ነገር አፉን ሲከፍት የማያለቅስ ሰው ምን ሰው ነው?

ዓመት ሆነው። ችግኞቹ አራት አምስት ቅጠል አወጡ። በሚመጣው ክረምት ለገበሬዎቹ እንዲከፋፈሉ ተወሰነ። የመንደሩ ሴቶች በገበያ ቀን ጎራ እያሉ፣ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ተንበርክከው ያያሉ፤ «ያቺ የእኔ ናት፣ አስመዝግብልኝ» እያሉ ይቀልዱበታል። በመሃል ግን መጥፎ ነገር መጣ። ከሰል አክሳዮች ወደ ገደሉም ወረዱ። ዛፎቹን ቆረጧቸው፤ የባልቴቷም ኮረሪማ ፀሐይ መታው፣ ደረቀ። እንግዲህ በዚያ አገር የቀረው የኮረሪማ ዘር ከዚያ ከኮባ ቅጠል ሥር ያለው ብቻ ሆነ። ሰውየው ይህን ያውቅ ነበር። ማወቁን ያዥልኝ ልጄ፤ አላወቀም ብለን እንዳናዝንለት።

በጥር ወር፣ ሐሙስ ዕለት፣ ባለጠጋው ደስ ብሎት እየተጣደፈ መጣ።

«ቅዳሜ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ» አለው። «ጣቢያውን ሊያሰፉልን ነው። ሌላ ቦታ የሌለ ነገር እኛ ጋ እንዳለ ሰምተው ነው የሚመጡት። በል ይኼን የኮባ ቅጠል ከላዩ አንሳልኝ፤ የዶሮ ቤት አስመሰልከው እኮ! አረንጓዴው ወለል ብሎ ይታይ።»

«ጋሼ፣ ፀሐዩ ይፈጀዋል» አለ ሰውየው።

«አንድ ቀን ነው የምልህ። ማታ መልሰህ ታለብሰዋለህ።»

«ዝቅ ብለው ቢያዩትስ? ሰሌን አነጥፍላቸዋለሁ።»

ባለጠጋው ከልቡ ሳቀ። «ሰውን ከስንት አገር ጠርቼ ላንበርክከው? ምን ነካህ!» አለና ሄደ።

አየሽ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። መደቡ ከሰው ዓይን የተሸሸገ አልነበረም፤ በሰሌን ላይ ዝቅ ያለ ሁሉ ማየት ይችል ነበር። የመንደር ሴቶች ዘንቢላቸውን አውርደው ያዩት ነገር ነው። እንግዶቹ እንደቆሙ እንዲያዩት ሲባል ነው እንጂ ጥላው የሚነሳበት ሌላ ምክንያት አልነበረም። የእንግዳ ጉልበት እንዳይታጠፍ!

ሰውየው ዓርብን በሙሉ ሲያስብ ዋለ። መጀመሪያ ባልቴቷን አሰበ። ከዚያ ደሞዙን አሰበ። ከዚያ፣ ጣቢያው ከሰፋ ስንት መደብ እንደሚያበጅ፣ ስንት ዘር እንደሚዘራ አሰበ፤ ከየት አምጥቶ እንደሚዘራ ግን አላሰበም። «አንድ ቀን ምን ታመጣለች?» አለ በሆዱ። «እኔ እንደሆንኩ ዓመት ሙሉ ተንከባክቤዋለሁ። ጠንክሯል። ደግሞም ለራሱ ለችግኙ ጥቅም ነው።» ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ሲያገኝ ቀለለው፤ እንቅልፉንም ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት የኮባ ቅጠሉን በገዛ እጁ አነሳ። ባለጠጋው ቅጠል አልነካም። ሌላ ሠራተኛም አልነካም፤ «እኛ አናውቅበትም፣ እሱ ይሥራው» ብለው ነው የቆሙት። እሱ ግን እንዴት እንደሚነሳ ያውቅበታል፤ ችግኝ እንዳይሰበር ተጠንቅቆ፣ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ አነሳው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያናድደኛል።

እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ላይ እንመጣለን ብለው ነበር። ሦስት ሰዓት አለፈ። አራት ሰዓት አለፈ። አምስት ሰዓት ላይ ቅጠሎቹ በርዝመታቸው መጠቅለል ጀመሩ። ያ ተክል ፀሐይ ሲበዛበት ቅጠሉን ይጠቀልላል፤ የሚያውቀው መደበቂያ ይቺን ብቻ ነው። ሰውየው አይቶ ደነገጠ። ሮጦ የኮባ ቅጠል አንስቶ መጣ። ባለጠጋው ከሩቅ «ተው! ተው! ደውለዋል፣ ድልድዩን ተሻግረዋል!» ብሎ ጮኸበት። ሰውየው ቅጠሉን እንደያዘ ትንሽ ቆመ። ከዚያ መሬት ላይ አስቀመጠው።

የመጡት ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን። በሰልፍ ቆሙ። ለእነሱ ዣንጥላ ተይዞላቸዋል። ባለጠጋው ንግግር አደረገ፤ ከእንግዶቹ ሁለቱ መልስ ሰጡ፤ አመሰገኑ፣ ተመሰጋገኑ። ፎቶ ተነሱ፤ መጀመሪያ ሁሉም፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ፣ ቀጥሎ ባለጠጋው ብቻውን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ ችግኙ ዝቅ ብሎ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። «ደስ ይላል፣ አረንጓዴ ነው» አሉ። አረንጓዴማ ለማየት ሽንብራ ማሳ አይበቃም ነበር?

ከእንግዶቹ አንዷ ግን ጠየቀች። ልብ ያላት ሴት ነበረች፤ መደቡን አየት አድርጋ «ኮረሪማ ጥላ ይወዳል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ይኼ ፀሐይ አይጎዳውም?» አለች።

ሁሉም ዘወር ብሎ ሰውየውን አየው። ባለጠጋውም አየው።

ልጄ፣ በዚያች ሰዓት ያ ሰው አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ሁሉም ነገር ይድን ነበር። ሴትየዋ «አልብሱት» ትል ነበር፤ እንግዳ ናትና ባለጠጋውም እሺ ይላት ነበር። «ይጎዳዋል» ማለት ብቻ። አንዲት ቃል! ዓመት ሙሉ ከዚያ መደብ ሥር ሲንበረከክ የኖረ፣ ስለዚያ ተክል በዚያ አገር ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው፣ አፉን ከፈተና «የለም እመቤቴ፣ አይጎዳውም። ለምዶታል» አላት።

ሴትየዋም አመነችው። ለምን አታምነው? የሚያውቀው እሱ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጥላውን አለበሰ፣ ውሃ አጠጣ። በሁለተኛው ቀን ቅጠሎቹ እንደ ወረቀት ነጡ። በአራተኛው ቀን ቡናማ ሆኑ። ከዚያ ከመሃል፣ አዲሱ ቅጠል ከሚወጣበት፣ መበስበስ ጀመሩ። ሰውየው ሌሊትና ቀን አልለየም፤ ያጠጣል፣ ያለብሳል፣ ይገልጣል፣ ይንበረከካል። መንበርከኩ ምንም አልፈየደም። ከውሃ በርሜሉ ጥግ የበርሜሉ ጥላ ያረፈባቸው ሰባት ችግኞች ሲተርፉ የቀረው በሙሉ አለቀ።

ባለጠጋው መጥቶ አየና «ዘሩ ደካማ ነበር ማለት ነው» አለ። ስሚኝማ ምንትዋብ፣ ዘሩ ደካማ ነበር አለ! በወሩ ደግሞ እንግዶቹ ፎቶውን በመስታወት አስገብተው ላኩለት፤ ባለጠጋው ፈገግ ብሎ፣ ከኋላው መደቡ አረንጓዴ ሆኖ። ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የሞተውን ተክል ፎቶ!

ወሬው ባልቴቷ ዘንድ ደረሰ። ዘንቢል ይዛ መጣች። መደቡን ዳር እስከ ዳር አየችው። ሰውየው አጠገቧ ቆሟል።

«ጥላውን ማን አነሳው?» አለችው።

«እማማ፣ ጌታው እኮ አዘዘኝ…»

«ማን አዘዘ አላልኩም። ማን አነሳው?»

«እንግዶቹ ካላዩ ጣቢያው…»

«ማን አነሳው ነው የምልህ!»

«እኔ» አለ።

«ይቅር በይኝ» አላት ደግሞ፣ እግሯ ላይ ሊወድቅ እያለ። እሷም ገለል አለችና «እኔ ይቅር ብልህ እነዚህ ይነሳሉ?» አለችው። ከዚያ ወደ በርሜሉ ሄዳ ተንበረከከች። ሰባቱን ችግኞች በጣቶቿ ከነአፈራቸው አንድ በአንድ አወጣች፣ ዘንቢሏ ውስጥ ደረደረቻቸው፣ ነጠላዋን አውልቃ ከላይ አለበሰቻቸው። ሰውየው «ልርዳሽ» ብሎ እጁን ሲዘረጋ ያን እጁን አየችው፤ ሰበሰበው። በፀሐይ፣ ራሷን ሳትከናነብ፣ ዳገቱን ወጥታ ሄደች።

መምህር ወልደ ሰንበት እዚህ ላይ አበቁና ወደ ምንትዋብ ዞሩ። ድምፃቸው ግን አልተነሳም።

«አሁን ላንቺ ልንገርሽ። ያ መደብ ያንቺ ማሳደጊያ ነው። ችግኙ እነዚያ ልጆች ናቸው። በሰው ፊት የማይነገር ነገር ያለባቸው ልጆች፣ ቀስ እያሉ በጥላ ሥር እንዲያድጉ ለአንቺ የተሰጡ። ባለፈው ወር እየሳቅሽም እያለቀስሽም እዚህ ቤት መጥተሽ ‹የኔታ፣ ያቺ ልጅ ተናገረች› ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? ዓመት ከአራት ወር አፏን ያልከፈተችው ልጅ። ለማን ተናገረች? ለአንቺ። ጓዳ ውስጥ፣ ጎመን ስትቀነጥሱ። ‹ውሃ አምጪልኝ› ነው ያለችሽ፤ ያቺን ቃል ይዘሽ ነው እዚህ ድረስ የሮጥሽው። እሑድ ያችን ልጅ ድምፅ ማጉያ አስጨብጠሽ ‹እናትሽ እንዴት ሞተች?› ልትያት ነው? ከስንት ሰው ፊት?»

ምንትዋብ አንገቷን ደፋች፤ መምህሩ ቀጠሉ።

«እንግዶቹን አልሰድብም። የማያውቅ ሰው የሚጣፍጠውን ይጠይቃል። ያለቀሰ ልጅ ሲያይ የራሱን ደግነት ያያል። ግን ልጆቹን ወደ መድረክ የሚያወጣቸው እንግዳ አይደለም። እንግዳ ቢጠራቸው አይወጡም፣ ይሸሻሉ። የሚወጡት አንቺ ስትዪአቸው ነው፤ እጃቸውን ይዘሽ፣ ፀጉራቸውን አስተካክለሽ፣ ‹አይዞሽ፣ አይዞህ› ብለሽ፣ በጥንቃቄ። እንዴት እንደሚነሳ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እዚያ መሃል ደግሞ አንድ ልብ ያለው ሰው አይጠፋም፤ ‹ይኼ ነገር ልጆቹን አይከፋቸውም?› ብሎ ይጠይቅሻል። በዚያች ሰዓት አንቺ ‹አይከፋቸውም፣ ለምደውታል› ልትዪ ነው። ለዚህ ነው የተናደድኩት። እነሱ እንዲያ በመጠየቃቸው አይደለም፤ አንቺ፣ የእኔ ልጅ፣ እሺ ብለሽ፣ እሺ ማለትሽን ባርኩልኝ ልትዪኝ በመምጣትሽ ነው።»

«የኔታ» አለች ምንትዋብ፣ ዕንባዋ እየወረደ። «እኔም ሆዴ አልወደደውም። ግን እምቢ ብላቸው ጣሪያውን ቢተዉትስ? ክረምት ሲገባ በልጆቹ አልጋ ላይ ዝናብ ይወርዳል። አምናም እንዲሁ ሁለቱ በሳንባ ታመውብኛል። እርስዎ ዝናቡን አላዩትም።»

መምህሩ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። ቁጣቸው ከፊታቸው ላይ አልጠፋም፤ ግን አቅጣጫውን ለወጠ።

«እውነት ብለሻል» አሉ። «ጣሪያ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ሳላስብ ብናገር እኔም እንደዚያ ባለጠጋ ሰው በሰው ችግር የምጫወት እሆናለሁ። እንዲህ በያቸው። ‹ልጆቹን ማየት ከፈለጋችሁ ግቡ፤ ጫማችሁን አውልቁ፣ ምንጣፉ ላይ ከእነሱ ጋር ቁጭ በሉ፣ አብራችሁ ብሉ፣ እነሱ የፈለጉትን ያወሩላችኋል፤ ምንም ካላወሯችሁም ዝም ብላችሁ ሂዱ› በያቸው። ‹ልመናው ግን የትልቅ ሰው ሥራ ነው› በያቸው። አይሆንም ካሉ፣ ሰው ቆሞ ሲለምን ካላየን ኪሳችን አይፈታም ካሉ፣ እኔ አለሁልሽ። በልጅነቴ አኩፋዳ ይዤ፣ ውሻ እያባረረኝ፣ ከደጅ ደጅ ቁራሽ እየለመንኩ ነው የተማርኩት። እንዴት እንደሚለመን አልረሳሁትም። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በእኔ ላይ ከእንግዲህ ፀሐይ የሚያቃጥለው የቀረ ነገር የለም። እሑድ መድረኩ ላይ እኔን አቁሚኝ።»